እጃቸው የተሰበረ እናት፣ የሳምንቱ ኪኒን እና የሽፈራው ዱቄት፦ ስለ አጥንት መሳሳት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ እናቴ የ67 ዓመት ሴት ናት። ከእኔ ጋር ሜሪላንድ ትኖራለች፤ በየዓመቱ ለጥቂት ወራት አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች። በቅርቡ ወጥ ቤት ውስጥ ምንጣፍ አደናቅፏት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። የአጥንት ጥግግትን በራጅ በሚለካው የዴክሳ ምርመራ ቲ-ስኮሯ (ጥግግቱን ከጤናማ ወጣት ሴት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) በአከርካሪ −2.9፣ በዳሌ −2.4 ሆነ፤ «አጥንትሽ ሳስቷል» ተብላ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ የ70 ሚሊግራም አሌንድሮኔት ታዘዘላት። ሁለት ጊዜ ከዋጠች በኋላ ደረቷን አቃጠላት፤ «መንጋጋ ያበሰብሳል» የሚል ወሬም ሰማችና ተወችው። አሁን «ሽፈራው፣ ሰሊጥ፣ ወተትና ፀሐይ ይበቁኛል» ትላለች። ጾም አታፈርስም፤ ጾም ባልሆነ ቀን ደግሞ ጠዋት ቡና ሳትቀምስ ሥራ አትጀምርም። መድኃኒቱን ትተን በተፈጥሮ መንገድ ልናድናት እንችላለን? ሽፈራውንስ ትቀጥል ወይስ ታቁም?

ምላሽ፦

ምግቡም፣ ፀሐዩም፣ እንቅስቃሴውም ለእናትዎ የግድ ያስፈልጓቸዋል፤ ብቻቸውን ግን አይበቋቸውም። ይህን የምለው ከተፈጥሮ መንገድ ጋር ጠብ ኖሮኝ አይደለም። ዕድሜያቸው በሃምሳዎቹ አጋማሽ የሆነ፣ ቲ-ስኮራቸው ከ−2 ያልወረደ፣ አጥንታቸውም ተሰብሮ የማያውቅ ብዙ ሴቶችን መድኃኒት ሳላዝ በምግብና በእንቅስቃሴ ብቻ እከታተላለሁ፤ ለእነሱ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነውና። እናትዎን ከእነዚህ ሴቶች የሚለያቸው ከቁጥሩ ይልቅ ስብራቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአንዲት ሴት የአጥንት ጥግግት ከጤናማ ወጣት ሴት ጋር ተነጻጽሮ −2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል፤ ከ−1 እስከ −2.5 ያለው ደግሞ ገና መሳሳት ያልደረሰ መቀነስ ነው። እናትዎ በአከርካሪያቸው ይህን መስመር አልፈዋል። ይሁንና መሣሪያው የሚለካው ጥግግትን ብቻ ነው፤ አጥንቱ በእርግጥ መሸከም ያለበትን መሸከም አለመቻሉን የሚመሰክረው ስብራቱ ነው። ከመኪና ወይም ከደረጃ ሳይሆን ከቆሙበት ወድቆ መሰበር በሕክምናው ዓይን የአጥንት ድክመት ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ የተሰበረ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረ እኩያው ይበልጣል። የአንጓ ስብራት በስድስት ሳምንት ጀሶ ይድናል፤ ሐኪሞችን የሚያስጨንቀን ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው የዳሌ ስብራት ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል፤ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ ያለ ሰው ድጋፍ ወደ መራመድ አይመለሱም።

በማኅበረሰባችን ውስጥ «ጥቁር ሰው አጥንቱ አይሳሳም» ሲባል እሰማለሁ። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ሴቶች በአማካይ ከነጮች ይልቅ የጠነከረ አጥንት እንዳላቸውና ስብራታቸውም አነስተኛ እንደሆነ እውነት ነው፤ ነገር ግን አማካይ የሚነግረን ስለ ብዙ ሰው ነው፤ የእናትዎ አጥንት ግን ተሰብሮ ታይቷል። ይህ አባባል ያመጣው ትልቁ ጉዳት ጥቁር ሴቶች ከተሰበሩ በኋላ እንኳን ምርመራውና ሕክምናው በተገቢው መጠን እንዳይደርሳቸው ማድረጉ ነው።

አጥንት በሕይወት ያለ አካል ነው፤ በየጊዜው አሮጌው ክፍል በአንድ ዓይነት ሴሎች እየፈረሰ በሌሎች ሴሎች እንደገና ይገነባል። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የአፍራሾቹን ሴሎች ሥራ ይገታ ነበር፤ ሴት ካረጠች በኋላ ይህ ልጓም ይላላና መፍረሱ ከመገንባቱ ይፈጥናል። ካልሲየም የግንባታው ዕቃ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ዕቃውን ከአንጀት ወደ ደም የሚያስገባው ነው። ግንበኛው አንድ ረድፍ ሲያቆም አፍራሹ ሁለት የሚንድ ከሆነ ግን ሲሚንቶ ማብዛት ብቻውን ቤቱን አያቆመውም። አሌንድሮኔትና ዘመዶቹ የሚሠሩት አፍራሾቹን በማዘግየት ነው፤ ካልሲየም የዕቃ እጥረት እንዳይኖር ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ሥራ ስለማይሠራ በመካከላቸው ምረጡ ሊባል አይገባም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ተደርጎ እንደሆነ አረጋግጡ። ቲ-ስኮር መውረዱ ምክንያቱን አይናገርም። በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ በዴክሳ ላይ ልክ እንደ አጥንት መሳሳት ሊታይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ቫይታሚን ዲ ራሱ ነው፤ እጥረቱ ሳይታረም አሌንድሮኔት ወይም የመርፌ መድኃኒት ቢሰጥ የደም ካልሲየም አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ የኩላሊት ድክመት፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት)፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር አጥንትን ያሳሳሉ። ስለዚህ የደም ካልሲየም፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)፣ ቫይታሚን ዲ፣ የእንቅርት ምርመራና ሙሉ የደም ቆጠራ ካልታዩ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ። በተለይ እናትዎ ከወንበር ሲነሡ ጭናቸው የሚዝል፣ አጥንታቸውም ሲነካ የሚያማቸው ከሆነ የቫይታሚን ዲው ነገር ቀዳሚ ነው። አብሮም የአከርካሪ ራጅ ከጎን ቢነሡ እመርጣለሁ፤ ከአከርካሪ ስብራቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል ሰውየው ሳያውቀው «ወገቤን ነው» ተብሎ የሚያልፍ ስለሆነ። አንድ እንዲህ ያለ ስብራት ከተገኘ ያለ መድኃኒት ልቆይ የሚለው ክርክር እዚያው ያበቃል ማለት ይቻላል፤ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ካገኛቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ያህል በሚቀጥለው ዓመት ውስጥ ሌላ ይደርስባታልና።

አሁን የተፈጥሮ መንገድ የሚባለው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ እንመልከት፤ ይህ ጥያቄ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ተሞክሯልና በአስተያየት ብቻ መከራከር አያስፈልገንም። በፈረንሳይ ተካሂዶ በ1992 የወጣው ጥናት ከ3,200 በላይ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አረጋውያን ሴቶችን ይዞ በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ሲሰጣቸው የዳሌ ስብራት በ43 ከመቶ ቀነሰ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ጉዳዩ አለቀ ይላል። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ፀሐይ የማያገኙ፣ ቫይታሚን ዲያቸው የተሟጠጠ፣ በአማካይ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ነበሩ። በ2006 ውጤቱ በወጣ የአሜሪካ ጥናት 36,282 ጤናማ ሴቶች 1,000 ሚሊግራም ካልሲየምና 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለሰባት ዓመት ያህል ሲወስዱ የዳሌ ስብራት በሚያስተማምን መጠን አልቀነሰም፤ የኩላሊት ጠጠር ግን በ17 ከመቶ ጨመረ። በ2022 ውጤቱ የታተመው፣ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ እጥረት አለባቸው ተብለው ባልተመረጡ ሰዎች ላይ ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳየ። እኔ ከሦስቱ የምረዳው የጎደለን መሙላት እንደሚጠቅም፣ ከሞላ በላይ መጨመር ግን አጥንት እንደማያጠነክር ነው።

መድኃኒቱ የተፈተነውስ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? በጥያቄዎ ውስጥ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም አይነገርም። በ1996 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሌንድሮኔት ጥናት ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት የነበረባቸውን 2,027 ሴቶች ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። ከምግብ የሚያገኙት ካልሲየም ያነሰ ሆኖ የተገኙት ሴቶች፣ መድኃኒቱ የደረሳቸውም ባዶ ኪኒን የደረሳቸውም፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይሰጣቸው ነበር፤ አብዛኞቹም እንዲህ ያሉ ነበሩ። ስለዚህ ንጽጽሩ በተግባር «ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብቻ» እና «ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ከመድኃኒት ጋር» በሚሉት መካከል ነበር፤ የእናትዎም ጥያቄ ይኸው ነው። በራጅ የታየ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ያለ መድኃኒቱ ከመቶ 15 ሴቶች ላይ፣ ከመድኃኒቱ ጋር 8 ላይ ደረሰ፤ የዳሌ ስብራት ከ2.2 ወደ 1.1 ከመቶ ወረደ። የእናትዎ ስብራት የአንጓ ስለሆነ እነዚህ ቁጥሮች በቀጥታ የእሳቸው ናቸው አልልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ወደ ምግቡ ልመለስ፤ በመድኃኒት ብቻ ቢታመኑና ምግቡን ቢተዉት ያው ግማሽ ሥራ ነው። ዕድሜዋ ከ50 ያለፈ ሴት በቀን ከምግብና ከተጨማሪ ተደምሮ 1,200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ያህል ይሰጣል፤ ችግሩ ጾም የሚጾሙ እናት ከዓመቱ ግማሽ በላይ ወተት አይቀምሱም። በጾም ወራት ጤፍ ትልቅ ባለውለታ ነው፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይዟል፤ ይህም ከስንዴ እጅግ ይበልጣል፤ ሊጡ መቡካቱም ማዕድኑን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ጎመን ደግሞ ካልሲየሙ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ ቆስጣ ግን በአንጻሩ በውስጡ ባለው ኦክሳሌት ምክንያት ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያልፍ ሁለቱን እንደ አንድ አትቁጠሯቸው። ሰሊጥም ቢሆን ያልተፈተገው በ100 ግራም ከ900 በላይ ሚሊግራም ሲይዝ አብዛኛው ካልሲየም ያለው በቅርፊቱ ስለሆነ ተፈትጎ ነጭ የሆነው ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የቅርፊቱም ካልሲየም በኦክሳሌት የታሰረ በመሆኑ በሙሉ አይገኝም። በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጠው ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ለጾም ጥሩ ምትክ ነው፤ ካልሲየሙ ከካርቶኑ ግርጌ ስለሚዘቅጥ ሁልጊዜ በደንብ ተንጦ ይቀዳ። በጉራጌና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ከተወሰኑ የእንሰት ዝርያዎች የተቀቀለ አምቾ የማብላት ልማድ አለ፤ ምግብነቱ መልካም ነውና ይብሉት፤ ስብራትን መከላከሉ ግን በጥናት አልተፈተነም። ፕሮቲንም አይረሳ፤ በጾም ቀን ሽሮና ምስር በቂ መጠን ካልተበላ ጡንቻው ይመነምናል፤ ጡንቻው የመነመነ ሰው ደግሞ ቶሎ ይወድቃል።

ከምግብ የጎደለውን በኪኒን ሲሞሉ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሲበዛ ጠጠር ያመጣል እንጂ አይጠቅምም።

ስለ ፀሐይ እናትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። አዲስ አበባ ሲሆኑ ጠዋት ደጅ ወጥተው እጃቸውንና ፊታቸውን ገልጠው ቢቀመጡ ይጠቅማቸዋል። ሜሪላንድ ላይ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ፀሐይ ለቫይታሚን ዲ የሚሆነው ጨረሩ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በመስኮት መስታወት በኩል ገብቶ የሚሞቃቸው ፀሐይ ደግሞ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጣቸውም። ስለዚህ መጠኑ ይለካ፤ በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ ሐኪማቸው በሚያዝዘው ልክ ይሞላ፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከ800 እስከ 1,000 ዩኒት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

ከተፈጥሮ መንገዶች ሁሉ እኔ ብዙ ተስፋ የምጥልበት እንቅስቃሴ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሰው ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው እሱ መሆኑ ነው። «እማማ በየቀኑ ወክ ታደርጋለች» መባሉ መልካም ነው፤ ለልብም ለመንፈስም ይጠቅማል፤ አጥንት የሚጠነክረው ግን ከለመደው በላይ ሸክም ሲገጥመው ነው። በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2018 ታትሞ የወጣ ጥናት የአጥንት ጥግግታቸው የቀነሰ 101 ሴቶችን ይዞ ግማሾቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ በባለሙያ ቁጥጥር ከባድ ክብደት ሲያስነሣ ከስምንት ወር በኋላ የአከርካሪያቸው ጥግግት በ2.9 ከመቶ ጨመረ፤ በቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ያደረጉት በ1.2 ከመቶ ቀነሰባቸው። ነገር ግን ይህ ጥናት ጥግግትን እንጂ ስብራትን ለመለካት በቂ ሰው አልነበረውም፤ ልምምዱም ያለ አሠልጣኝ በቤት የሚሞከር አይደለም። እናትዎ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ይጀምሩ፤ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ይዘው በተረከዝ መነሣት፣ ከዚያም በአንድ እግር መቆም መነሻ ይሆኗቸዋል። ራጁ የአከርካሪ ስብራት ካሳየ ጀርባ አጉብጦ ወደ ፊት መታጠፍ፣ ለምሳሌ ወለል ላይ ተጎንብሶ ልብስ ማጠብ ወይም ከባድ ድስት ከምድር ማንሣት፣ ይቅር። ያደናቀፋቸው ምንጣፍም ከወጥ ቤቱ ይነሣ፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ መብራት ይኑረው፤ በነጠላ ጫማ ደረጃ መውጣት ይቁም፤ የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪማቸው ይነገር።

አዲስ አበባ ሲሄዱ ወገባቸውን ቢያማቸው ወጌሻ ዘንድ ሄደው እንዳይታሹ አደራ እላለሁ፤ የሳሳ አከርካሪ በማሸት ሊሰበር ይችላል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። መንጋጋን የሚመለከተው ወሬ መሠረት የሌለው አይደለም፤ የመንጋጋ አጥንት ክፍል መሞት በእርግጥ የሚታወቅ ጉዳት ነው። ይሁንና አብዛኞቹ የተመዘገቡት ታማሚዎች ለካንሰር በየወሩ በደም ሥር ከፍተኛ መጠን የሚሰጣቸው ናቸው፤ ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ግን ግምቱ መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ከሚወስዱ ከ10,000 እስከ 100,000 ሰዎች አንድ ያህል ነው። ጥርስ መንቀል ካስፈለገ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መንቀሉ የተሻለ ስለሆነ የጥርስ ሐኪም አስቀድሞ ይያቸው። ሌላው ጉዳት መድኃኒቱ ለብዙ ዓመት ሲወሰድ የጭን አጥንት ያለ ከባድ አደጋ በመሐሉ መሰበር ነው። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሰላው 10,000 ነጭ ሴቶች ለሦስት ዓመት ቢታከሙ 149 የዳሌ ስብራት ሳይደርስ ሲቀር መድኃኒቱ የሚያመጣው የጭን ስብራት 2 ነው፤ በእስያውያን ሴቶች ላይ ጉዳቱ ከዚህ ከፍ ይላል። አደጋው ከዓመታት ጋር ስለሚያድግ ነው የኪኒኑ ሕክምና ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ታይቶ ለብዙዎች ለጊዜው የሚቋረጠው። ከስብራቱ በፊት ለሳምንታት የሚቆይ የጭን ወይም የብሽሽት ሕመም ስለሚኖር እንዲህ ያለ ሕመም ከተሰማቸው ራጅ ሳይነሡ አይቆዩ።

ደረት ማቃጠሉን በተመለከተ መጀመሪያ የምጠይቀው ኪኒኑ እንዴት እንደተዋጠ ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ይህ መድኃኒት የምግብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ፣ ቆመው ወይም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይዋጣል፤ ከዚያም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኙ፣ ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ ይቆያሉ። ቡናን ለይቼ የምጠቅሰው በምክንያት ነው፤ ከሚዋጠው መድኃኒት ከመቶ አንድ እጅ እንኳን ወደ ደም አይገባም፤ ከቡና ወይም ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ከተዋጠ ያም ትንሽ መጠን በ60 ከመቶ ይቀንሳል። እናትዎ ኪኒኑን በቡና ወይም በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጠው ተመልሰው ጋደም ብለው ከነበረ ማቃጠሉም አይገርምም፤ ጥቅም ማጣታቸውም አይቀርም። በትክክል ውጠውም ካቃጠላቸው፣ ወይም ምግብ ሲውጡ የሚያማቸው ከሆነ፣ ኪኒኑን እንደገና አይሞክሩት።

ጾሙን በተመለከተ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ያግዛል። ቅዳሜ ጠዋት ይመቻል፤ በዐቢይ ጾም እንኳን ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከል የለምና፤ ቀዳም ሥዑር ብቻ ስትሆን ኪኒኑን ወደ ሰኞ ማሳለፍ ነው። ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበት ቅዳሜ ከሆነም እንዲሁ በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ይወሰዳል፤ በሕመም ምክንያት ስለሚደረግ ነገር ሁሉ ግን የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው።

ለእናትዎ ሁኔታ እኔ ሐኪማቸው ብሆን ከኪኒኑ ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠውን ዞሌድሮኒክ አሲድ አቀርብላቸው ነበር። የምግብ ቧንቧቸውን አይነካም፤ ከቡናውም ከጾሙም ጋር አይጋጭም፤ አዲስ አበባ ቢሄዱም ሥራውን አያቋርጥም። በ2007 ከ7,700 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ሁሉም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እየወሰዱ የአከርካሪ ስብራትን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ10.9 ወደ 3.3 ከመቶ፣ የዳሌን ከ2.5 ወደ 1.4 ከመቶ አውርዷል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ትኩሳትና ቁርጥማት ሊመጣ ይችላል፤ ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል። ቫይታሚን ዲያቸው ሳይስተካከል፣ ወይም ኩላሊታቸው ከደከመ አይሰጥም፤ የሚሰጥበት ቀን ደግሞ ከውኃ የሚከለከሉበት የጾም ቀን መሆን የለበትም፤ ሰውነት በውኃ ጥም ላይ ሳለ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል።

በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ዴኖሱማብ እንዲሁ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በሁለት አገር መካከል ለሚመላለስ ሰው በፍጹም ቀዳሚ ምርጫዬ አይሆንም። መርፌው ከቀጠሮው ከአንድ ወር በላይ ካለፈ ተገትተው የነበሩት አፍራሽ ሴሎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በርካታ የአከርካሪ አጥንቶች የተሰበሩባቸው ታማሚዎች አሉ። «ጉዞዬን ልጨርስና ስመለስ እወጋለሁ» የማይባልበት መድኃኒት ነው። የሆርሞን ሕክምና ካረጡ አሥር ዓመት ላልሞላቸው እንጂ በ67 ዓመት አይጀመርም፤ አጥንት የሚገነቡት በየቀኑ ወይም በየወሩ የሚወጉት መድኃኒቶች ደግሞ ስብራቱ ለበዛባቸው የሚቀመጡ ናቸው።

እናትዎ ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም እምቢ ቢሉ መብታቸው ነው፤ በዘዴ ኪኒን ከምግብ ጋር ቀላቅሎ መስጠትም አይሞከር (ይህን የጠየቁኝ ልጆች ስላሉ ነው የምጽፈው፤ ይህ መድኃኒት ተፈጭቶ ከምግብ ጋር ሲገባ ቧንቧውን ይልጣል፤ አይሠራምም)። ግን «እናያለን» ብቻ ተብሎ እንዳይተው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ ዴክሳው በዚያው መሣሪያ ይደገም፤ መሣሪያ ከተለወጠ ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም። ቁመታቸውም ይለካ፤ ከወጣትነታቸው ቁመት አራት ሴንቲሜትር ማጠር የአከርካሪ ስብራት ምልክት ሊሆን ይችላል። ጥግግቱ ከወረደ ወይም ሌላ ስብራት ከመጣ መድኃኒቱን ሊጀምሩ ከአሁኑ ከእሳቸው ጋር ቁርጥ ያለ ስምምነት ይኑራችሁ። በዚያ ዓመት ውስጥ ስትሮንቲየም የተባለውን «የተፈጥሮ» ኪኒን እንዳይገዙ ይጠንቀቁ፤ ይህ ማዕድን ከካልሲየም የከበደ ስለሆነ አጥንት ውስጥ ሲገባ የዴክሳውን ቁጥር በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ በመድኃኒትነት ይሸጥ የነበረው ዓይነቱም በልብ ላይ በሚያመጣው ጉዳት በአውሮፓ ገደብ ተጥሎበት ነበር።

ሽፈራውን በተመለከተ እንዲያቆሙ አልልም። የደረቀው ቅጠል ዱቄት በእርግጥ ካልሲየም አለው፤ ይሁንና በሻይ ማንኪያ የሚወሰደው መጠን ትንሽ ስለሆነ ከዕለቱ 1,200 ሚሊግራም ውስጥ ብዙ አይሸፍንም፤ ስብራትን መቀነሱም በሰው ላይ ተፈትኖ አያውቅም። ወደ ኪኒኑ ከተመለሱ ከመዋጣቸው በፊትም ሆነ በ30 ደቂቃው ውስጥ አይጠጡት። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ስኳራቸውንና ግፊታቸውን ቶሎ ቶሎ ይለኩ፤ ሽፈራው ሁለቱንም ዝቅ ሊያደርግ ይችላልና።